ዘሩ የተቆጠረ ፍላሽ

ሽማግሌ ልኬ የመጣልኝ መልስ እሺም እምቢም አልነበረም። «ሥራውን እንየው» የሚል ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። አብዛኛው ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለትምህርት ቤት። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ይመስል ፊቱን ያጠቁራል። እኔም «ትንሽ ፈታ ይበሉ» እላለሁ፤ ጭራሽ ይብስበታል። እሷ ግን ገና ስትቀመጥ ሳቀች። ዳንግላ የምታስተምር መምህርት ናት፤ ለሥልጠና እንጅባራ መጥታ ጉርድ ፎቶ አስፈለጋት። የመጀመሪያው ፎቶ በጣም ጥሩ ነበር። «ዓይንሽ ተጨፍኗል፤ እንድገመው» አልኳት። ደገምነው። «አሁንም ተጨፈነ» አልኳት። በኋላ እንደነገረችኝ ያኔውኑ ነቅታብኛለች፤ ግን መደገሙን አልጠላችውም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ነገሩ ጠነከረና ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። ሽማግሌዎቹን የመሩልኝ የአባቴ የልብ ወዳጅ ናቸው፤ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ረጅም፣ በጋም ክረምትም ወፍራም ጋቢ የማይለያቸው፣ ንግግር የሚወዱ ሰው። አባቷ ደግሞ ዳንግላ ዳር ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከገበሬነታቸውም በላይ ፈረሰኛ ናቸው። በእኛ በአዊ ፈረሰኛ ማለት ምን እንደሆነ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እሳቸው ቤት ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚነሳው የፈረሱ ስም ነው፤ ሰው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደነገሩኝ መጀመሪያ ዘር ተቆጠረ። የእሷም የእኔም እስከ ሰባት ቤት ድረስ አያትና ቅድመ አያት ተጠራ። አንድ ቦታ ላይ፣ ግምጃ ቤት ከሚባለው ከተማ በኩል በሚመጣው ዘር፣ የአንድ ቅድመ አያት ስም ተመሳሰለና ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ኋላ ሌላ ሰው መሆኑ ሲታወቅ እፎይ ተባለ። ዝምድና የለንም፤ መጋባት እንችላለን። አባትየው ግን ገና አልጨረሱም።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉ።

«ፎቶ ያነሳል» አሉ የአባቴ ወዳጅ።

«እሱንማ ልጄም በስልኳ ታነሳለች። እኔ የጠየቅኋችሁ ሥራውን ነው።»

የአባቴ ወዳጅ እዚህ ላይ ረጅም ንግግር አድርገዋል። ስለ ፎቶ ጥቅም፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ መንግሥት መታወቂያ ሳይቀር አንስተዋል። አባትየው ሰምተው ሲያበቁ፣ «ታላቋን በጥር እድራለሁ። መጥቶ ያንሳ። ሥራ መሆኑን በዓይኔ አይቼ ስለ ታናሿ እመልስላችኋለሁ» አሉ። ቀጠሮ ተቆረጠ።

እንግዲህ ፈተናዬ ይህ ነው። ተማሪ ሆኜ እንኳ እንዲህ ያለ ፈተና አልገጠመኝም፤ ብወድቅ የሚደገም አይደለም።

በዚያ ላይ ካሜራዬ ጎደሎ ነበር። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ጠረጴዛ ላይ ወድቃ ከተመታች ወዲህ ክዳኗ ይነሳል እንጂ አትበራም። በፎቶ ቤቴ ውስጥ ሌላ መብራት ስላለኝ ግድ አልሰጠኝም ነበር። ሠርግ ግን በዳስ ነው። ዳስ ደግሞ ዛሬ ዛሬ ሰማያዊ ሸራ ነው። የቀርከሃ ምሰሶው ላይ ሸራው ሲወጠር ፀሐይ በሸራው ታልፍና ከሥር ያለውን ሰው ሁሉ ሰማያዊ ታደርገዋለች፤ ማዕዘን ማዕዘኑ ደግሞ ጨለማ ነው። ባለፈው ዓመት ጥሊሊ ላይ አንድ ሌላ አንሺ ያለ መብራት ያነሳውን የሠርግ አልበም አይቻለሁ። ሙሽራዋ ከወንዝ የወጣች ሬሳ ትመስላለች። ሚዜዎቹ እንዲያውም ጥርሳቸው ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ካሜራው አናት ላይ ለብቻው የሚሰካ መብራት፣ ፍላሽ የሚሉትን፣ መግዛት ነበረብኝ።

ከዚህ በኋላ የደረሰብኝ መከራ ግማሹ የዚች «ፍላሽ» የምትባል ቃል ጥፋት ነው።

ባሕር ዳር የሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር ወዳጅ አለኝ። ደወልኩለትና «ፍላሽ ግዛልኝ፤ የካሜራ» አልኩት። «የካሜራ» ስል ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም። ደግሞስ ምን ያስፈልገዋል፣ ሰምቶኛል አልኩና ተውኩት። በማግሥቱ ፎቶ ቤቴ ደጃፍ ላይ ጥሩንባውን እየነፋ ቆመና በመስኮቱ አንዲት ጣት የምታህል ነገር ወረወረልኝ። ኮምፒውተር ላይ የምትሰካው፣ ፋይል መያዣዋ ፍላሽ ናት።

«ይኸ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ፍላሽ ነዋ! ደግሞ ባዶዋን አላመጣሁልህም፤ መዝሙርም ዘፈንም አስጭኜልሃለሁ። ዘፈኑን በጾም እንዳትከፍተው።»

«የካሜራ ፍላሽ እኮ ነው ያልኩህ! መብራት! ፎቶ ሲነሳ ቦግ የሚል!»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበና፣ «መብራት ነው ካልክ ታዲያ ምን ባሕር ዳር አስላከህ? የዚህን ሚኒባስ የፊት መብራት ዳሱ በር ላይ አዙሬ ባበራልህስ? ጥቁር ዓባይ ማዶ ድረስ ያሳያል» አለ። ከልቡ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ተሳፋሪዎችም ሐሳቡን ደገፉት። አንዲት ከአዲስ ቅዳም ከተማ የተሳፈረች ነጋዴ የከሰል ጆንያዋ ላይ እንደተቀመጠች «ባለ ካሜራው፣ ሰው ሲረዳህ እሺ በል እንጂ» ብላ ገሠጸችኝ።

ሠርጉ እየቀረበ ስለነበር ራሴ ልፈልግ ብዬ ዳንግላ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ በቻርጀሮችና በማይክሮፎኖች መካከል፣ የምፈልገውን የሚመስል ፍላሽ ተቀምጦ አየሁና ዘው ብዬ ገባሁ። ሻጩ በራሱ የሚተማመን ጎረምሳ ነው።

«ከዚህ ካሜራ ጋር ይገጥማል?» አልኩት።

«ምን የማይገጥም ነገር አለ!» አለና ነጠቀኝ። የፍላሹን እግር ካሜራው አናት ላይ ካለችው የብረት ማስገቢያ ጋር አገናኘው። ሸርተት ብሎ ገባ፤ ጠቅ አለ። ሻጩ ሙሽራ እንዳየ ሚዜ አጨበጨበለት። «አየህ? ገጠመ!»

እኔም ገጠመ ብዬ አመንኩ። አማርኛችን ነው ያሳሳተን። ሁለት ነገር ሳይላላና ሳይጠብቅ ከገባ «ገጠመ» እንላለን፤ ከገባ በኋላ ይስማማ አይስማማ እንደሆነ መጠየቅ ትዝ አይለንም። ለመሞከር ሻጩን ራሱን አነሳሁት። ቦግ ሲል ሱቁ ሁሉ ነጣ። ፎቶውን ሳየው ሰውየው ፊት የለውም፤ ኖራ በተቀባ ግድግዳ ላይ ሁለት ቅንድብ ብቻ ተንሳፏል። መብራቱን ለመቀነስ ካሜራው ላይ ነካካሁ፤ ፍላሹ አልሰማኝም። እንደገና ሳነሳ ግማሹ ፎቶ ጥቁር ሆነ። ሻጩ አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ግማሹማ በጣም ጥሩ ነው» አለ።

ፍላሽና ካሜራ በእግርና በማስገቢያው መካከል ባሉ ትንንሽ የብረት ነጥቦች ነው የሚነጋገሩት። መሐል ያለችው ነጥብ «አሁን ብራ» ትላለች፤ ዙሪያዋን ያሉት ደግሞ «ይኸን ያህል ብራ፣ በዚህ ጊዜ ብራ» ይላሉ። ሌላ ድርጅት የሠራው ፍላሽ ሲሆን የዙሪያዎቹ ነጥቦች ቦታቸው ይለያያል። ስለዚህ ያ ፍላሽ ከካሜራዬ አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚሰማው፤ «ብራ!» ሲሉት ያለ የሌለ ኃይሉን ይለቀዋል። ይኸን ሁሉ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው። ያን ዕለት የመሰለኝ የሱቁ ጥበት ነበር፤ ውጭ ወጥቼ ራቅ ብዬ ልሞክረው አልኩ።

ደጃፉ ላይ ጥላው ሥር አንድ የፈረስ ጋሪ ቆሟል። ሽንኩርት በጆንያ ተጭኖበታል። ፈረሱ ግርማው የሚያምር፣ ጋሪ ለመጎተት የማይመጥን ዓይነት ነው። ማዶ ያለውን ሱቅ ላነሳ ካሜራውን ከፍ ሳደርግ ፍላሹ ሳልነካው በራሱ ቦግ አለ። ደግሞ ቦግ አለ። ምን እንደነካው አላውቅም፤ አላቆምም ብሎ በፈረሱ ፊት ላይ ይበራ ጀመር። ፈረሱ በኋላ እግሩ ቆመ። ጋሪው ወደ ኋላ ሄዶ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጨ፤ ጆንያው ተቀደደና ሽንኩርቱ በመንገዱ ላይ እየተንከባለለ ገበያተኛውን አዳረሰው። አንድ ባጃጅ ሽንኩርት ላልረግጥ ብሎ የጫማ አዟሪ ዕቃ ላይ ወጣ።

ከሱቁ ጎን አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉና፣ እንደ ወጣት ዘለው የፈረሱን ልጓም ያዙ። በጆሮው በአዊኛ ቀስ ብለው ተናገሩት። ፈረሱ ረጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአዊኛ ተናገሩኝ። አዊኛ ስናገር ምላሴ ይተሳሰራል እንጂ ስሰማ አንድም አያመልጠኝም። ለፈረሱ የተናገሩትና ለእኔ የተናገሩት ቋንቋው አንድ ነው፤ ለፈረሱ የተናገሩት ግን ትሕትና ነበረው።

ሰውየውን የለየኋቸው ያኔ ነው። ፎቶአቸውን በእሷ ስልክ ላይ አይቻለሁ። አባቷ ናቸው። ሽንኩርቱ የሠርጉ ሽንኩርት ነው።

«የማን ልጅ ነህ አንት?» አሉኝ በአማርኛ፤ ስድቡ እንዳልገባኝ ስለመሰላቸው።

መዋሸት አማረኝ። ግን አፌ ቀደመኝና የአባቴን ስም ተናገርኩ። ሰውየው ትንሽ አሰቡ፤ ካሜራውን አዩ፤ ከዚያ ፊታቸው ላይ የገባቸው ነገር ሲወጣ አየሁት።

«አሃ! ባለ ፎቶው!»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፍላሹ ሳይገጥም ቀርቶ ነው።»

«ስማኝ። የሙሽራው አጃቢ በፈረስ ነው የሚመጣው። ይኸን መብረቅ ይዘህ ደጄ እንዳትደርስ። መምጣቱን ና፤ ቀጠሮ ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ግን አንድ ፈረስ ቢደነብር ያን ጊዜ መልሴ እምቢ ነው፤ ሽማግሌም አልፈልግ።»

ሽንኩርት ስለቅም ዋልኩ። ዓይኔ አልቅሷል፤ በሽንኩርቱ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ማምሻውን ደወለችልኝ። ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ቤታቸው ደርሷል። ለረጅም ጊዜ መናገር አቅቷት ስትስቅ ቆየች። እኔ አኮረፍኩ።

«እሺ፣ እሺ፣ በቃ አልስቅም» አለች። «ግን ለእኔ እስከ ሰባት ቤት ዘር አስቆጥረህ፣ ለፍላሹ አንድ ቤት እንኳ አልቆጠርክም?»

ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ቀልዱን ትቼ ማሰብ ጀመርኩ። እውነቷን ነው። ሱቅ ገብቼ ይገጥማል ወይ አልኩ እንጂ ዘሩን አልጠየቅኩም። እንዲያውም ሕጉ የጋብቻ ግልባጭ ነው። ለጋብቻ ዝምድና ከተገኘ ይፈርሳል፤ ለፍላሽ ግን ዝምድና ከሌለ አይሆንም። ከካሜራው ጋር የአንድ ድርጅት ልጅ መሆን አለበት፤ ወይም ደግሞ ለዚያው ድርጅት ቋንቋ ተብሎ የተሠራ የእንጀራ ልጅ መሆን አለበት። አንድ ድርጅት ራሱ በስም አንድ ሆኖ ሁለት ሦስት ዓይነት ፍላሽ ያወጣል፤ ለዚህኛው ካሜራ የተሠራውና ለዚያኛው ካሜራ የተሠራው ፍላሽ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንታ ይመስላሉ፤ እግራቸውን ገልብጠህ ስታይ ነው ባዕድ መሆናቸው የሚታወቀው።

ከዚያ በኋላ እንደ ሽማግሌ ተቀምጬ ዘር ቆጠርኩ። የካሜራዬን መለያ ቁጥር አየሁ፤ ከካሜራው ጋር የመጣውን መመሪያ ከአልጋ ሥር አውጥቼ አነበብኩ፤ በቴሌግራም የሚሸጡ ሰዎችን አሰስኩ። ባሕር ዳር አንድ ሻጭ ተገኘ። የላካቸው ፎቶዎች ሁሉ የፍላሹ ፊት ናቸው። እኔ ፊቱን ምን ላድርገው? እግሩን ነው የምፈልገው። በንዴት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ፊቱ አያሳስበኝም። እግሩን ገልብጠህ የሥሩን ፎቶ ላክልኝ። ቆሻሻ ካለው ጥረገው። ካልገጠመኝ ሌላ ነው የምፈልገው።» ላክሁት።

የላክሁት ግን ለእሷ ነበር።

ልሰርዘው ስል አንብባዋለች። ትንሽ ቆይታ ፎቶ ላከች። የቀኝ እግሯ ጫማ ሥር ነው፤ የዳንግላ ጭቃ በደንብ ተለጥፎበታል። ከሥሩ፣ «መጥረጉን አልጠረግሁትም፤ እንዳለ ይታይ። “ገልብጠህ” ያልከኝን ይቅር ብዬሃለሁ። ይገጥማል?» የሚል ጽፋለች።

«ይገጥማል» ብዬ መለስኩ። እስከ ዛሬ ካየኋቸውና ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ያንን ጭቃማ ጫማ የሚያህል የምወደው የለም።

ሻጩም በመጨረሻ የፍላሹን እግር ላከልኝ። የነጥቦቹን አቀማመጥ ከካሜራዬ ማስገቢያ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። ልክ ነው። እሱም አላሳመነኝም፤ የእኔን ዓይነት ካሜራ ያለው ሰው ፈልጎ፣ በዚያ ካሜራ ላይ ሰክቶ ሲያበራ፣ ሲያደምቅና ሲያደበዝዝ ቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክልኝ ለመንኩት። ሻጩ፣ «ወንድሜ፣ ፍላሹን ልትገዛው ነው ወይስ ልታገባው?» አለኝ። ግን ላከ። ፍላሹን ያመጣልኝ ያው ሾፌር ነው፤ ሳጥኑን ሲሰጠኝ «ይኸኛው ፍላሽ ደግሞ ስንት ዘፈን ይይዛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። ፈረሰኞቹ በአቧራ ተሸፍነው፣ ፈረሶቻቸው በቀይና በቢጫ ክር አጊጠው ሲመጡ አባትየው በፈረሶቹና በእኔ መካከል ቆመዋል። የሚያዩት እንግዶቹን አይደለም፤ እጄን ነው። ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ከትቼው ስለነበር፣ ሽፍታ እጅ ሲሰጥ እንደሚያደርገው ባዶ እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ፀሐይ አለ፤ ደጅ ላይ ፍላሽ አያስፈልገኝም። ፈረሶቹን እንደልቤ አነሳኋቸው። አንድም አልደነበረም። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን ገና ነህ ማለት አልገባኝም።

ዳሱ ውስጥ ገባሁና ፍላሹን ሰካሁ። ጠቅ አለ። የካሜራው መስኮት ላይ የፍላሹ ምልክት ታየ፤ ተነጋገሩ ማለት ነው። ከደስታዬ ብዛት ካሜራውን ልስመው ነበር። ግን ፍላሹን ፊት ለፊት በሰው ዓይን ላይ ላብራው አልፈለግሁም፤ የሱቁ ሻጭ ቅንድብ አልጠፋኝም። አንሺዎች እንደምናደርገው አንገቱን ወደ ላይ አዙሬ፣ ብርሃኑ ጣሪያ ነክቶ እንዲወርድ አደረግሁ። አነሳሁ።

ሠርገኛው ሁሉ ሰማያዊ ሆነ።

ለካ ጣሪያው ያው ሸራ ነው! ነጭ ብርሃን ሰጥቼው ሰማያዊ አድርጎ መለሰልኝ። ሙሽራዋ፣ ሙሽራው፣ ጥሬ ሥጋው ሳይቀር ሰማያዊ ነው። ነጭ ግድግዳ ፍለጋ ዙሪያዬን ሳይ፣ በአጠገቤ አንድ ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ረጅም ነጭ ግድግዳ ቆሞ ጠላ ይጠጣል። ሠርጉን ተጠርተው የመጡት የአባቴ ወዳጅ ናቸው፤ ከነጋቢያቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎን ጋቢዎን ዘርጋ አድርገው እዚህ ጋ ይቁሙልኝ።»

ሰውየው ፎቶ የሚነሱ መሰላቸው። ጠላውን አስቀምጠው፣ ጢማቸውን አስተካክለው፣ ጋቢውን እንደ ንስር ክንፍ ዘርግተው ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ። የፍላሹን አንገት ወደ እሳቸው አዞርኩና ሙሽሮቹን አነሳሁ። ብርሃኑ ጋቢው ላይ አርፎ ለስልሶ ተመለሰ። የሙሽራዋ ፊት እንደ ራሷ ፊት ሆነ። ከዚያ በኋላ ዳሱን ከእሳቸው ጋር ዞርኩት፤ እኔ በሄድኩበት እሳቸው በጎን እየሄዱ ጋቢያቸውን ይዘረጋሉ። ሰዎቹ እኚህ ሰው የምን ሹም ናቸው ብለው ለመነሳት ይቃጣቸው ነበር። እሳቸውም ብርሃኑ ቦግ ባለባቸው ቁጥር «በዚህኛው ፈገግ ብያለሁ?» ይሉኛል። «በጣም!» እላለሁ። ከነዚያ ሁሉ ፎቶዎች በአንዱም ላይ የሉም። ሲያውቁ የሚሉኝን እያሰብኩ እጨነቅ ነበር።

የመሰናበቻው ሰዓት ሲደርስ ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሳሙ። አባትየው ቀጥ ብለው መረቁ። ድምፃቸው አልተሰበረም፤ ፊታቸው ድንጋይ ነው። እናትየው ስታለቅስ እንኳ «ምነው፣ ልጅ ዳርሽ እንጂ ቀበርሽ?» አሏት። ሙሽራዋ ስትወጣ ሴቶቹ ዳሱ በር ላይ እልል ሲሉ ጥቂት አነሳሁና ሥራዬ አበቃ።

ፎቶዎቹን እንጅባራ ሆኜ በኮምፒውተር ስመለከት ነው አንዱን ያየሁት። ፎቶው የሴቶቹ ነው፤ ከኋላ ግን፣ በዓይኔ ያላየሁት ጨለማ የዳሱ ጥግ ላይ፣ ፍላሹ አባትየውን አግኝቷቸዋል። የቀርከሃውን ምሰሶ በአንድ እጃቸው ይዘዋል። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ አፋቸው ልጅ ሲያለቅስ እንደሚሆነው ተጣሟል። ሁሉ ሰው ወደ ሙሽራዋ ሲያይ ማንም አያየኝም ብለው ነው።

አንጀቴን በላኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እኚህ ሰው ይኸን ቢያዩ አለቀልኝ። አሳተምኩት፤ ልጥለው አስቤ አልቻልኩም፤ ከሁሉም ሥር አስቀመጥኩት። እስከዚያ ሲደርሱ ይሰለቻቸዋል አልኩ።

በቀጠሮው ቀን ከአባቴ ወዳጅ ጋር ዳንግላ ሄድን። በሽማግሌ ደንብ እኔ መሄድ አልነበረብኝም፤ ባለ ፎቶ ነኝ ብዬ ነው የገባሁት። እሷ በር ላይ ቆማ ዓይኗን ወደ እኔ እንዳታነሳ ትታገላለች። አባትየው ፎቶዎቹን ጭናቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ፈረሶቹን በየስማቸው ጠሯቸው። ሰዎቹ ላይ ሲደርሱ «ይኸ ማነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። የአባቴ ወዳጅ በአባትየው ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ራሳቸውን ይፈልጋሉ። «እኔ የታለሁ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሁሉም ላይ አሉ፤ ብርሃኑ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። አኮረፉኝ።

አባትየው አልሰለቻቸውም። የመጨረሻው ላይ ደረሱ።

ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እናትየው ልታይ ስትጠጋ በእጃቸው ከለከሏትና ወደ ጓዳ ሄደች።

«ይኸ ማነው?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት፣ አባባ።»

«እኔ አላለቀስኩም።»

«ላብ ይሆናል» አሉ የአባቴ ወዳጅ ሊረዱኝ። «በዚያን ቀን ሙቀቱ…»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አሏቸው። ወደ እኔ ዞሩ። «ያ መብራትህ ነው ይኸን ያወጣው?»

«አዎ። ጥጉ ጨለማ ነበር። እኔ ራሴ አላየሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከፈለጉ እናጠፋዋለን።»

ፎቶውን በአውራ ጣታቸው ጫፍ፣ ፊታቸው ያለበት ላይ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ከሌሎቹ ለይተው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። በሩ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን ቀና ብለው አዩአት፤ እኔ እዚያ ያለሁ እስከማይመስለኝ ድረስ አዩአት።

«ይኸችኛዋ ስትሄድስ እኔን ማን ሊያነሳኝ ነው?» አሉ። «አንት እንደሁ ያን ቀን ካሜራ ይዘህ መዞር አይሆንልህም።»

ጥያቄ መሰለኝ። ደስ እንዲላቸው በሚገባ መመለስ ጀመርኩ። እንጅባራ ሁለት ጥሩ አንሺዎች እንዳሉ፣ አንደኛው ጎበዝ ቢሆንም ፍላሹ ከካሜራው ጋር እንደማይስማማ፣ ሁለተኛው ግን የራሴን ብሰጠው እንደሚሆን፣ ሸራው ደግሞ ነጭ ቢሆን እንደሚመረጥ አብራራሁላቸው። የአባቴ ወዳጅ በክርናቸው ጎኔን ወጉኝ፤ አልተውኩም። ስለ ነጥቦቹ ልጀምር ስል እናትየው ከጓዳ እልል አለች። ምን እንደተባልኩ የገባኝ ያኔ ነው።